ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

የኔዘርላንድስ ዜግነት በተገኘበት ቀን ኢትዮጵያዊነት ወዴት ይሄዳል?

አዳራሹ ሰፊ አይደለም። ከፊት የንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጎኑ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ ቆሟል። ወንበሮቹን የያዙት ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ናቸው። አንዱ ለሠርግ እንደሚሄድ ከረባቱን አጥብቋል፣ ሌላው ከሥራ ወጥቶ የመጣ መሆኑ ከጫማው ያስታውቃል። ከኋላ ረድፍ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች ሴት ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለው ባሏ ከኪሱ ወረቀት እያወጣ በከንፈሩ ያነበንባል። ከንቲባው የሹመት ሰንሰለታቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ገቡ። አጭር ንግግር አደረጉ፤ ከዚያ ስም መጥራት ተጀመረ።

የተጠራው ይነሣል። በእግዚአብሔር ስም የሚምል የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ወደ ላይ ያቆማል፤ መማል የማይሻ ጣቱን ሳያነሣ ቃል ይገባል። የሚባለው ነገር አጭር ነው፦ የመንግሥቱን ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት፣ ነጻነቶቹንና መብቶቹን አከብራለሁ፤ ዜግነት የሚያስከትልብኝን ግዴታ በታማኝነት እወጣለሁ። ከንቲባው እጅ ይጨብጣሉ፣ ወረቀቱን ይሰጣሉ፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ ቡና በኬክ ይቀርባል፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ በቃ።

በኔዘርላንድስ ማዘጋጃ ቤቶች ይህ ሥነ ሥርዓት የተጀመረው በ2006 ሲሆን፣ የታማኝነት ቃሉ የተጨመረው በ2009 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ጉዳዮች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ሕጎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።) ሰውየው ኔዘርላንዳዊ የሚሆነው ማመልከቻው ሲፈቀድ አይደለም። ንጉሡ ሲፈርሙም አይደለም። ቃሉን ሰጥቶ ያንን ወረቀት ሲረከብ ነው። በዚያችው ቅጽበት አዳራሹ ውስጥ ማንም ያላነሣው፣ ከንቲባውም የማያውቁት ሌላ ሕግ ሥራውን ይሠራል። ባለነጠላዋና ባሏ ኢትዮጵያዊነታቸው ያከተመው እዚያው፣ ኬኩ ሳይቆረስ ነው።

ግማሹ የሚታወቅ እውነት

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ ሐበሻ በሚሰበሰብበት ሁሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እስከ ልደት ድግስ፣ አንድ አባባል ይዘዋወራል፦ ሆላንድ ሁለት ዜግነት አትፈቅድም። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሲነገር አይሰማም።

በ1985 ሥራ ላይ የዋለው የኔዘርላንድስ የዜግነት ሕግ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም፣ ዋና መርሑን አልለቀቀም። በማመልከቻ ዜግነት የሚወስድ ሰው የቀድሞ ዜግነቱን ይተዋል። ሲያመለክት ለዚህ ፈቃደኛ መሆኑን ይፈርማል፤ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ የቀድሞውን መተዉን የሚያሳይ ማስረጃ ያመጣል። ካላመጣ አዲሱ ዜግነት ሊነጠቅ ይችላል።

ታዲያ ይህ መርሕ በዙሪያው ብዙ መውጫ በሮች አሉት። ከኔዘርላንድስ ዜጋ ጋር በሕግ የተጋባ ሰው አይገደድም። ጥገኝነት ያገኘ ስደተኛ አይገደድም፤ ሸሽቶት ወደ መጣው መንግሥት ደጅ ተመለስ አይባልምና። እዚያው ተወልዶ እዚያው የሚኖር አይገደድም። ዜግነቱን ለመተው እጅግ ከባድ ገንዘብ የሚጠየቅ ወይም እንደ ውርስ ያለ ትልቅ መብት የሚያጣ ሰው ይህን ካስረዳ ሊታለፍ ይችላል። አገሩ ዜግነትን መተው ጨርሶ የማይፈቅድለትም ነጻ ነው። የሞሮኮ፣ የኢራን፣ የአርጀንቲና ሰዎች ከእነዚህ ወገን ናቸው። ቢፈልጉም አገራቸው አትለቃቸውም።

የዚህ ምሳሌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይገኛል። ንግሥት ማክሲማ አርጀንቲናዊት ናቸው። በ2001፣ ከሠርጋቸው በፊት፣ የኔዘርላንድስን ዜግነት አገኙ፤ አርጀንቲናዊነታቸው ግን አብሯቸው አለ። ከ2009 እስከ 2024 የሮተርዳም ከንቲባ የነበሩት አህመድ አቡታሌብም ሞሮኮ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ሞሮኮ ልጇን አትፈታምና ሁለቱንም ይዘው አዲሶቹን ዜጎች እያስማሉ ኖረዋል።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ፣ በተለይ በጥገኝነት የገባው፣ ደስ ይለዋል። ስደተኛ ነኝ፣ ሆላንድም ተው አላለችኝም፤ እንግዲያው ሁለቱንም ይዣለሁ ብሎ ይደመድማል። የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

«ኢትዮጵያዊነቱን ተው ያለው ዘ ሄግ አይደለም፤ አዲስ አበባ ነው።»

ከመማል በፊት ያለው መንገድ

አዳራሹ ውስጥ ለመቀመጥ የሚያበቃው መንገድ አጭር አይደለም። በመደበኛው ሥርዓት አመልካቹ 18 ዓመት የሞላውና በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ አምስት ዓመት ሳይቋረጥ የኖረ መሆን አለበት። የኔዘርላንድስ ዜጋ ያገባ ሦስት ዓመት አብሮ ከኖረ ማመልከት ይችላል። ባለፉት አምስት ዓመታት በወንጀል ከባድ ቅጣት ያልደረሰበት መሆኑም ይጣራል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ነዋሪው ሁሉ በደችኛ ስሙ «ኢንበርኸሪንግ» ይለዋል፤ ከኅብረተሰቡ ጋር የመዋሐድ ፈተና ማለት ነው። ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገርና ስለ አገሩ አኗኗር ማወቅ ይጠየቃል። ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ውሎ ማታ የደችኛ መጽሐፍ የሚገልጥ ሰው በዚህ አገር ብርቅ አይደለም። በዕድሜ የገፉ እናቶች ስለ ፈተናው ሲያወሩ ከቋንቋው ይልቅ ኮምፒዩተሩ እንዳስቸገራቸው ይናገራሉ።

ማመልከቻው የሚገባው ለማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ የሐበሻው ወሬ «ኸሜንተ» የሚለው። ጉዳዩን የሚመረምረው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሲሆን፣ ውሳኔው እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ሊራዘምም ይችላል። ለአንድ አዋቂ የሚከፈለው ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው፤ ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች ይቀነሳል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም። ዜግነቱ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ በሥነ ሥርዓቱ ላይ መገኘት ግድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያልተገኘ ሰው የተፈቀደለት ይቀርበታል፤ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

በጥገኝነት ሳይሆን በትዳር ወይም በሥራ የመጣ ሰው ሌላም ጣጣ አለበት፤ ፓስፖርቱና የልደት ማስረጃው ይፈለጋሉ። የልደት ማስረጃው አዲስ አበባ ላይ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኔዘርላንድስ ኤምባሲ መረጋገጥ አለበት። በክፍለ ሀገር ተወልዶ የክርስትና ቀኑን እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ብቻውን የወራት ሩጫ ነው። ወንድም ይላካል፣ አክስት ቀበሌ ትመላለሳለች፣ ስልክ ሲደወል ይከርማል።

የአያት ስም ሲረጋ

ከሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያዊውን የሚያስገርመው ግን የስም ጉዳይ ነው። የእኛ ስም ወንዝ ነው፤ ትውልድ በተሻገረ ቁጥር ይለወጣል። የደች ስም ግን ጉድጓድ ነው፤ የተቆፈረበት ይቀመጣል። ሰው የራሱ ስምና የቤተሰብ ስም ሊኖረው ይገባል፤ የቤተሰብ ስሙ ከአባት ወይም ከእናት ወደ ልጅ ሳይለወጥ ይወርዳል።

ዜግነት እስኪገኝ ድረስ መዝገቡ የኢትዮጵያዊውን ስም እንደ ሰንሰለት ይይዘዋል፤ ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ጋር እንዳለ። ዜግነት ሲመጣ ግን ሕጉ ሰንሰለቱ እንዲቆረጥ ያዛል። የቤተሰብ ስም የሌለው አመልካች ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ተማክሮ አንዱን ስም የቤተሰብ ስሙ አድርጎ ያጸድቃል።

ምሳሌ እንውሰድ። ሰውየው አበበ ከበደ ደስታ ነው እንበል። ደስታን የቤተሰብ ስም አድርጎ መረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ አበበ የሚለው ቀርቶ ባንኩም ሐኪሙም «ሜነር ደስታ» ይለዋል፤ ማለትም በአያቱ ስም ይጠራዋል። ልጁ ሳራ በኢትዮጵያ ወግ ሳራ አበበ ትባል ነበር። አሁን ሳራ ደስታ ናት፤ የአባቷ ስም ጨርሶ ጠፋ፣ ቅድመ አያቷ ግን ከመቃብር ተነሥተው በትምህርት ቤት ስም ጥሪ ላይ በየቀኑ ይጠራሉ። ወንድሙ ደግሞ ሌላ ከተማ ሲያመለክት ከበደን መርጦ ከሆነ፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡት ወንድማማቾች በወረቀት ሁለት ቤተሰብ ሆኑ።

ይህ ቀላል የሚመስል ነገር አዲስ አበባ ላይ ይከብዳል። ውርስ ሲነሣ፣ ቦታ በስም ሲዛወር፣ የትውልድ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ ሳራ ደስታ የአበበ ከበደ ልጅ መሆኗን ማስረዳት የግድ ይሆናል። ያሳለፉት የሚመክሩት አንድ ነገር ነው፦ ወንድምና እህት ከማመልከታቸው በፊት ተደዋውለው አንድ ስም ይምረጡ፤ የቀድሞው ስም ያለበትንም ወረቀት ሁሉ ያስቀምጡ።

«የእኛ ስም ወንዝ ነው፤ የደች ስም ጉድጓድ ነው።»

«ተውከኝ» የሚለው ዐዋጅ

አሁን ወደ ሌላው ሕግ እንምጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን ሊገፈፍ እንደማይችል ይደነግጋል። ይህን ያነበበ ሰው እፎይ ሊል ይችላል። ነገር ግን በ1996 የወጣው የዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378 ጉዳዩን ከሌላ ወገን ይይዘዋል። በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ይህ በሕግ ቋንቋ ረቂቅ ነገር ነው። መንግሥት ዜግነቱን አልገፈፈም፤ ባለቤቱ ራሱ ጥሎት ሄዷል።

«ሕጉ ‘ገፈፍኩህ’ አይልም፤ ‘ተውከኝ’ ነው የሚለው።»

ለዚህ ማመልከቻ አያስፈልግም፣ የኤምባሲ ማኅተም አያስፈልግም፣ ደብዳቤም አይመጣም። ሞሮኮዋዊው ልልቀቅ ቢል የማይለቀቀውን ያህል፣ ኢትዮጵያዊው ልያዝ ቢል አይያዝም። የኔዘርላንድስ ባለሥልጣናት ኢትዮጵያዊውን «ማስረጃ አምጣ» የማይሉትም ለዚህ ነው። የአገሩ ሕግ ሥራቸውን አስቀድሞ ጨርሶላቸዋል።

አስተሳሰቡ አዲስ አይደለም። በ1922 የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግም የውጭ ዜግነት የወሰደውን አይቀበልም ነበር፤ የውጭ ዜጋ አግብታ የባሏ ዜግነት የሚሰጣትን ሴት ደግሞ በትዳሯ ብቻ ከኢትዮጵያዊነት ያወጣት ነበር። ዛሬ ጋብቻ ዜግነትን አያስቀርም፤ ይህ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። ዋናው መርሕ ግን ዘውዱ ሲወድቅ፣ ደርግ ሲመጣና ሲሄድ፣ ኢሕአዴግ ሲገባ ንቅንቅ አላለም።

ልጆቹስ? እዚህ ላይ ዐዋጁ ትንሽ ይለሰልሳል። ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ወይም ውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ወዲያው ኢትዮጵያዊነቱን አያጣም። ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ እንደተወው ይቆጠራል። አባቱ ኔዘርላንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነ ልጅ ስለዚህ ነገር ሳይሰማ 19ኛ ዓመቱን አክብሮ ያልፋል። ኬኩን ሲቆርስ አንድ ዜግነት ከእጁ መውጣቱን የሚነግረው የለም።

በኔዘርላንድስ በኩል ደግሞ ወላጅ ዜግነት ሲወስድ ልጆቹን አብሮ ማስገባት ይችላል። ዕድሜያቸው 16 እና 17 የሆኑት ግን በራሳቸው አንደበት መስማማት አለባቸው፤ ሥነ ሥርዓቱ ላይም ቀርበው ቃል ይሰጣሉ። እናት ለልጇ ስትወስን የኖረችበት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ነው።

ቦሌ ላይ ያለው ሰልፍ

ቃሉን የሰጠ ሰው አዲሱን ፓስፖርት እንደያዘ መጀመሪያ የሚያስበው ወደ አገር ቤት መሄድ ነው፤ አንዳንዱ ሃያ ዓመት የጠበቀው ቀን ነውና። ቦሌ ሲደርስ ሰልፉ ለሁለት ይከፈላል። እግሩ ለልማዱ ወደ ኢትዮጵያውያን መስመር ይሳባል፤ በእጁ የያዘው ደብተር ግን ወደ ሌላው ይመራዋል። ከፊቱ ጎብኚዎች፣ ከኋላው የአበባ እርሻ ባለሙያዎች አሉ። መኮንኑ በአማርኛ ሰላም ካለው በኋላ ቪዛውን ይጠይቀዋል።

የዚህን ስሜት ለማለዘብ የመጣው ዐዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። በሕግ ስሙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይባላል፤ በሕዝብ አፍ ቢጫ ካርድ ነው። ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ሊያገኘው ይችላል፤ ኢትዮጵያዊነቱን ትቶ የኤርትራን ዜግነት የወሰደ ግን አይካተትም። ካርዱ ያለው ቪዛ አያስፈልገውም፣ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለውጭ ዜጋ የከለከለውን ቤት የማፍራት መብትም ያገኛል።

የማይሰጠውም በግልጽ ተጽፏል። ባለካርዱ አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታ፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። የኢኮኖሚ በሩም ሲከፈትና ሲዘጋ ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን የነበራቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን እንዲለቁ ታዘው ነበር፤ ሕጉ ተሻሽሎ በሩ እንደገና የተከፈተው በ2011 መጨረሻ ነው። ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም፤ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ደግሞ በሰጪው እጅ ነው።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ይህን ስሜት በደንብ የሚያውቅ ጎረቤት አለ፤ ሱሪናማዊው። ሱሪናም በኅዳር 1975 ነጻ ስትወጣ፣ ባጠቃላይ እዚያ የነበረው ሱሪናማዊ፣ ኔዘርላንድስ የነበረው ኔዘርላንዳዊ ሆኖ ቀረ። አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን በሁለት ፓስፖርት ተከፈለ። ከ2014 ጀምሮ ሱሪናምም ለውጭ ዜጋ ተወላጆቿ ልዩ መታወቂያ ትሰጣለች። የሱሪናሙ ባለካርድና የእኛው ባለቢጫ ካርድ ሮተርዳም ውስጥ አንድ ትራም ቢሳፈሩ የሚጫወቱት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ፓስፖርት በፖለቲካው አፍ

ኔዘርላንዳውያንም በዚህ ጉዳይ አንድ ሐሳብ ኖሯቸው አያውቅም። ከ1992 እስከ 1997 የቀድሞ ዜግነትን የመተው ግዴታ በተግባር ተነሥቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ያመለከተ ሁለቱንም ይዞ ቀረ። በ1997 ግዴታው ተመለሰ። ሁለት ወንድማማቾች አንዱ በ1996፣ ሌላው በ1998 አመልክተው ከሆነ አንዱ ሁለት አገር አለው፣ ሌላው አንድ።

በ2007 አቡታሌብና ትውልደ ቱርካዊቷ ነባሃት አልባይራክ ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ሲሾሙ፣ የቀኝ ክንፉ ፖለቲከኛ ጊርት ዊልደርስ ሁለት ፓስፖርት ያለው ሰው መንግሥት ውስጥ መግባት የለበትም ብሎ በምክር ቤት የአለመተማመን ጥያቄ አነሣ። አልተሳካለትም። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ያኔ ልዕልት የነበሩት ማክሲማ በአንድ ጥናት ምረቃ ላይ አንድ ወጥ የሆነ የኔዘርላንዳዊ ማንነት እንዳላገኙ ተናገሩ። አገሩ ተንጫጫ። ሁለት ዜግነት ያላት ልዕልት ስለ ማንነት ልታስተምረን ነው ያሉ ነበሩ፤ እውነቱን በመናገሯ ነው ያሉም ነበሩ።

ከ2014 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ሕዝብ መዝገብ የዜጎቹን ሁለተኛ ዜግነት መጻፍ አቆመ። ዜጋ ዜጋ ነው በሚል ነበር። ነገር ግን የግብር መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ የሰበሰበውን አላጠፋም። ለሕፃናት መዋያ የሚሰጠውን ድጎማ በማጭበርበር ያለ ጥፋታቸው የተወነጀሉ በሺህ የሚቆጠሩ ወላጆች ጉዳይ ሲወጣ፣ የሁለተኛ ዜግነት መረጃ ከሕግ ውጭ ተይዞ እንደቆየ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ2020 አስታወቀ። በጥር 2021 መንግሥት በዚሁ ቅሌት ሥልጣን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዜግነትን እንደ ጸጋ ብቻ ሲያይ የነበረ ሰው ጥላም እንዳለው አየ።

ሕጉ የገዛ ልጆቹንም ይቆነጥጣል። ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ሄዶ በፈቃዱ የዚያን አገር ዜግነት የወሰደ ኔዘርላንዳዊ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሸፈኑት፣ ኔዘርላንዳዊነቱን ያጣል። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ለንደን ያሉ ደቾች ያለቀሱት ለዚህ ነበር። ሁለት ዜግነት ኖሮት ከኔዘርላንድስ መንግሥት ግዛትና ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖርም ፓስፖርቱን በወቅቱ ካላሳደሰ ያጣል፤ ዘመኑ አሥር ዓመት የነበረ ሲሆን ከ2022 ጀምሮ 13 ሆኗል። የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2019 እንዲህ ያለው መጥፋት በእያንዳንዱ ሰው ሕይወት ላይ የሚያስከትለው መመዘን አለበት ብሎ ፈርዷል።

ይህ ደንብ የሚነካው ሁለት ዜግነት ያለውን ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊነቱን ያጣው ትውልደ ኢትዮጵያዊ አንድ ዜግነት ብቻ ስላለው ጡረታውን አዲስ አበባ ቢኖር፣ 13 ዓመትም ቢያልፈው፣ በዚህ ደንብ ኔዘርላንዳዊነቱ አይነካም። እንደ መጽናኛ የሚወስዱት አሉ። በሌላ ወገን በሐሰት ስም ወይም በሐሰት ማንነት የተገኘ ዜግነት እስከ 12 ዓመት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል፤ ሰውየው አገር አልባ ቢቀርም። ድንበር ላይ የተሰጠች አንዲት የተሳሳተ ስም ከዓመታት በኋላ ዜግነት ልታሳጣ ትችላለች።

«አንድ ዜግነት ብቻ ያለውን ሰው የ13 ዓመቱ ደንብ አያገኘውም።»

የማን ወርቅ?

ክረምት በመጣ ቁጥር ጉዳዩ በሩጫ ሜዳ ይታያል። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በ2008 ገና በልጅነቷ ጥገኝነት ጠይቃ ኔዘርላንድስ ገባች፤ በ2013 ዜግነት አገኘች፣ ለአዲሱ አገሯም መሮጥ ጀመረች። በፓሪስ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን መጨረሻ ላይ ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ስትቀድም፣ አንዳንዱ ኢትዮጵያዊ እልል አለ፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ሁለቱንም ያደረገ ብዙ ነው። ብርቱካናማ ለብሳ የሮጠችውን ደቾች የእኛ አሏት። አዳማም የእኛ አለቻት። ስሜት ሁለት ዜግነት ይፈቅዳል፤ ሕግ ነው የማይፈቅደው።

በኔዘርላንድስ ያለው ማኅበረሰብ በዚህ ላይ በሦስት ይከፈላል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሸሽተው የመጡት አብዛኛዎቹ ወረቀት ወረቀት ነው ይላሉ፤ ማንም ከልባችን አያወጣትም። በትዳርና በሥራ የመጡት ወጣቶች ያሰላሉ። ለከተማ ምክር ቤት የውጭ ዜጋም አምስት ዓመት ከኖረ በኋላ ይመርጣል፤ ለአገር ፓርላማ ለመምረጥና ያለ ስጋት ለመኖር ግን ዜግነቱ ያስፈልጋል ብለው ይወስዳሉ። ሦስተኞቹ ደግሞ ሃያ ዓመት ኖረው በመኖሪያ ፈቃድ የቀሩት ናቸው። እነዚህ ጠበቃ አማክረው አይደለም፤ እናታቸው በስልክ «ታዲያ አሁን ፈረንጅ ሆንክ ማለት ነው?» ብላ እንዳትጠይቃቸው ነው።

አገር ቤትም ክርክሩ አለ። ሁለት ዜግነት የሚቃወሙት ታማኝነት አይከፈልም፤ ግብር በማይከፍልበት አገር ምርጫ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ሰው በሁለት ቢላዋ ይበላል ይላሉ። የሚደግፉት ገንዘቡን የሚልከው፣ ቤት የሚሠራው፣ ልጆቹን አማርኛ የሚያስተምረው ሰው እንግዳ መባሉ አይገባም ይላሉ፤ ኬንያ በ2010 ሕገ መንግሥቷ ለልጆቿ ሁለት ዜግነት እንደፈቀደች ያስታውሳሉ። ጀርመንም በ2024 በሯን ከፍታለች። ኔዘርላንድስ ግን ወደ ኋላ ትመለከታለች፦ በ2024 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት የአምስት ዓመቱን ቆይታ ወደ አሥር ለማሳደግና የቋንቋውን ደረጃ ከፍ ለማድረግ ዐቅዶ ነበር።

ጣት ከመነሣቱ በፊት

ማመልከቻ ለማስገባት ያሰበ አንባቢ ቢያንስ እነዚህን ይጨርስ። የስም ምርጫውን ከወንድምና ከእህት ጋር ይማከር። ኢትዮጵያ ውስጥ በስሙ ያለ ቤት፣ አክሲዮን ወይም ያልተከፋፈለ ውርስ ካለው ኢትዮጵያዊ ሳለ ምን ማድረግ እንዳለበት የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ። የቀድሞ ፓስፖርቱን፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃውን ቅጂ ያስቀር፤ ለቢጫ ካርዱ ማመልከቻ የቀድሞ ኢትዮጵያዊነቱን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ልጅ ካለው የ18 እና የ19 ዓመት ልደቱን ቀን መቁጠሪያው ላይ ያክብብ። መመለስም የሚቻል መሆኑን ይወቅ፤ ዐዋጁ ወደ አገሩ ተመልሶ መኖሪያውን ኢትዮጵያ ያደረገና የውጭ ዜግነቱን የተወ ሰው አመልክቶ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። በሩ አልተቆለፈም፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል፣ ያም ሰው አንድ ዜግነት ብቻ ይዞ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላል የአገራችን ሰው። ሁለቱም መንግሥታት ይህን ተረት የሚያውቁ ይመስላሉ። ልዩነቱ ሆላንድ ለስደተኛው፣ ለባለትዳሩና እዚያው ለተወለደው ልጅ ሁለቱንም ውጣ ማለቷ ነው። ኢትዮጵያዊውን ከአንዱ ዛፍ የሚያወርደው የገዛ አገሩ ዐዋጅ ነው። ስለዚህ ጥምር ዜግነት የሚሻ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብበት ደጅ ዘ ሄግ አይደለም፤ አራት ኪሎ ነው።